ጥሩ ሻጭ ነበርኩ፣ አለቃ ከሆንኩ ወዲህ ግን ቡድኔ እየተበተነብኝ ነው

ብርድ ለምጄ፣ ሰኞ ማታ 3:10

ሰላም ሰላም። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ደብረ ብርሃን አንድ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ሳሙና፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ዘይት፣ የመሳሰለውን ለሱቆች እናደርሳለን። 5 ዓመት ሻጭ ነበርኩ። መስመሬ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ከእኛ ከተማ በካፖርት ትነሳለህ፣ ጣርማበር ዋሻው ጋ ጉሙ ይውጥሃል፣ ከሰዓት ሮቢት ላይ ሸሚዝህን አውልቀህ ጣል ጣል ያሰኝሃል። ሥራውን እወደው ነበር። ኮታዬን ያልሞላሁበት ወር በጣት ይቆጠራል።

ከ4 ወር በፊት ሱፐርቫይዘር አደረጉኝ። 6 ሻጮች አሉኝ። "አሉኝ" ማለት ከተቻለ።

ከ6ቱ 4ቱ ኮታ አይሞሉም። አንዷ መልቀቂያ አስገብታለች። ጠዋት ስብሰባ ላይ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። "ገባችሁ?" ስላቸው "አዎ" ይላሉ፣ ወጥተው ግን የለመዱትን ይሠራሉ። ይነቃቁ ብዬ ቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ማታ ማታ ማን ስንት እንደሸጠ በደረጃ እለጥፋለሁ። አንድ ሰው እንኳ ጣቱን አያነሳም።

ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ አንድ ጋሼ ናቸው። እኔ ስቀጠር ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመንዝን፣ የሞላሌና የመሐል ሜዳን መስመር 15 ዓመት ይዘውታል። ባለፈው ሳምንት በሁሉም ፊት "ወደ ኋላ የሚጎትተን የእርስዎ መስመር ነው" አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንጂ ወሬ የለንም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ቁጥሩ ስለማይሞላ እኔው መኪና ይዤ ወጥቼ እሸጣለሁ። ደክሞኛል። ሰው የሚሰማኝ አለቃ እንዴት ልሁን? ያለፈበት ካለ ይንገረኝ።


የሮቢት ሙቀት፣ ሰኞ ማታ 3:34

ወንድሜ፣ ያንን የመጨረሻውን አንቀጽ ቆም ብለህ ድጋሚ አንብበው። "እኔው ወጥቼ እሸጣለሁ" ብለሃል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ነው ነገሩ። አንተ ሻጭነትህን አልለቀቅክም፣ ቦታው ግን አሁን የአንተ አይደለም። ልጆቹ ደግሞ ሞኞች አይደሉም፤ ወሩ 25 ሲሞላ አለቃ ወጥቶ እንደሚያሟላ ካወቁ ለምን ይደክማሉ?


ቶሎ ቶሎ፣ ሰኞ ማታ 3:51

እኔ እንዲህ አላለቃቅስም። ኮታ የማይሞላውን 2 ጊዜ አስጠንቅቅ፣ 3ኛ ላይ ሸኝ። ሥራ ፈላጊ ሞልቷል። ጋሼውንም ቢሆን ዕድሜ አይሸጥም። ሽያጭ ማኅበር አይደለም።


የአረርቲዋ፣ ሰኞ ማታ 4:20

ቶሎ ቶሎ፣ ስምህ አይዋሽም 😄 አዲስ ልጅ መስመሩን እስኪያውቅ፣ ማን በሰዓቱ እንደሚከፍል ማን "እሁድ ናልኝ" እያለ እንደሚያመላልስ እስኪለይ ድረስ ስንት ዱቤ ሜዳ ላይ እንደሚቀር ቆጥረህ ታውቃለህ? እኔ ቆጥሬያለሁ። አላስደሰተኝም።

ብርድ ለምጄ፣ እኔም እንዳንተው ነው የጀመርኩት። ሚንጃር ሸንኮራ ነኝ፣ አረርቲና ባልጪ አካባቢ፣ 5 ሻጮች ይዣለሁ። አለቃ በሆንኩ በ2ኛ ወሬ የሠራሁትን ልንገርህ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ከአንዲት አዲስ ልጅ ጋር አንድ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ክንዱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ "ባለፈው የደቀቀውን ብስኩት ሳታነሱልኝ ደግሞ መጣችሁ?" አላት። ልጅቷ ደብተሯን ገለጥ አድርጋ ዘገየች። 3 ሰከንድ ብትሆን ነው። እኔ አላስቻለኝም። ዘው ብዬ ገባሁ፣ ሳቅኩለት፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ቅናሽ ጣል አደረግኩ፣ 10 ካርቶን አጻፍኩ። ስንወጣ "አየሽ? እንዲህ ነው" አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰውዬ ከእሷ አልገዛም። በሄደች ቁጥር "አለቃሽን ጥሪልኝ፣ ቅናሽ የምታውቀው እሷ ናት" ይላታል። በአንድ 10 ካርቶን ልጅቷን ከነደንበኛዋ አጣኋት። በ2 ወሯ ለቀቀች።

አሁን ከልጆቼ ጋር ሱቅ ስገባ ማስቲካ እይዛለሁ። የምሬን ነው። አፌ ሥራ ካልያዘ አያርፍም። ጥግ ቆሜ አያለሁ። ልጁ ሰላም ከማለቱ በፊት መደርደሪያውን አየ ወይስ ቀጥታ ደብተሩን አወጣ? የእኛ ዕቃ አቧራ ለብሶ ከላይ ተሰቅሎ ሳለ አዲስ ትዕዛዝ ጠየቀ? የድሮውን ዱቤ መጀመሪያ አነሳ ወይስ ፈርቶ ዘለለው? ባለሱቁ "ዛሬ አልፈልግም" ሲል "ለምን?" አለ ወይስ "እሺ" ብሎ ወጣ?

መኪና ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ የሚያወራው እሱ ነው። "ምን አየህ?" እለዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱን ከእኔ በፊት ያውቀዋል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እጨምርለታለሁ። 7 ነገር ብነግረው 7ቱንም ይረሳል፤ እኔም ብሆን እረሳለሁ።

በሳምንት 3 ቀን መስመር ላይ ነኝ። ቢሮ ቁጭ ብዬ በስልክ "የት ደረስክ?" ማለት ትቻለሁ። ሻጭ በስልክ ሁልጊዜ "መንገድ ላይ ነኝ" ነው የሚልህ።


ብርድ ለምጄ፣ ሰኞ ማታ 4:41

የማስቲካው ነገር አሳቀኝ ግን ነካኝ። እኔም ደብረ ሲና ላይ ልክ እንዲህ አድርጌያለሁ። 2 ጊዜ። መልቀቂያ ያስገባችው ልጅ የዚያ መስመር ናት...


ባለሱቅ ከመንዝ፣ ማክሰኞ ጠዋት 2:15

እኔ ከባንኮኒው ማዶ ነኝ፣ የምትሸጡልኝ ሰው። ልጻፍ ወይ እያልኩ ነው ያደርኩት።

ወር ሲያልቅ ሻጮቻችሁ እንዴት እንደሚመጡ ልንገራችሁ። ላብ በላብ። "ጋሼ ዛሬ አያሳፍሩኝ፣ 5 ካርቶን ብቻ ይያዙልኝ፣ ካልሸጡት እመልሰዋለሁ።" አዝንለትና እይዝለታለሁ። ወር ይገባል፣ ልጁ ይጠፋል። ዕቃው እዚያው ቁጭ። ስደውል "መጋዘኑ መመለሻ አይቀበልም" ይለኛል። በሚቀጥለው ወር ሲመጣ እኔ ደግሞ የድሮውን አልከፍልም። እናንተ ቢሮ ላይ "ተሸጠ" ብላችሁ ያጨበጨባችሁለት ዕቃ እኔ ጋ አይጥ ሲበላው ነው የሚከርመው።

ሌላው ውሸት ነው። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ሻጭ "ሰኞ ሊጨምር ነው፣ ዛሬ ይግዙ" ብሎ ዘይት አሸከመኝ። ሰኞ አልጨመረም። ሌላ አከፋፋይ እንዲያውም ቀንሶ መጣ። ከዚያ ልጅ ክብሪት አልገዛም።

አንድ ሽማግሌ ሻጭ ደግሞ አሉ። ሲመጡ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። የበጉን ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ዝናቡን ይጠይቃሉ። ከዚያ ራሳቸው ተነስተው መደርደሪያዬን ያያሉ። አንድ ቀን ብስኩት ልጨምር ስል "ተው፣ ያለህ ጾሙን ያሳልፍልሃል፣ ዘይት ያዝ" አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከእሳቸው ዱቤ ወስጄ አንድ ቀን አላዘገየሁም፤ ያሳፍራላ።

ጠያቂው የሚላቸውን ጋሼ ሳላውቃቸው አልቀርም። ግን አልናገርም።


የሮቢት ሙቀት፣ ማክሰኞ ጠዋት 2:40

ይሄ ባለሱቅ ስንት ዓመት የወሰድኩትን ሥልጠና በ5 አንቀጽ ጨረሰው።

ብርድ ለምጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኮሚሽን የምትከፍሉት በተሸጠው ነው ወይስ ገንዘቡ በገባው? በተሸጠው ከሆነ ልጆቹ ወር መጨረሻ ላይ ዕቃ ቢጭኑ አትፍረድባቸው፤ ጫኑ ብለህ የምትከፍላቸው አንተ ነህ።


ብርድ ለምጄ፣ ማክሰኞ 6:05

በተሸጠው ነው። ያልተሰበሰበ ዱቤ ሲበዛ ደግሞ ከሻጩ ደሞዝ ይቆረጣል። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት፣ ስመጣ የነበረ አሠራር ነው። ባለፈው ወር ከአንዱ ልጅ ግማሽ ደሞዙ ተቆርጧል።


ቀለም ቀመስ፣ ማክሰኞ 7:20

እዚህ ጋ ቁም። ሕግ ተምሬያለሁ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አልነበረም እንጂ ቅርባችሁ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደሞዝ ስለሚቀነስ ገንዘብ በግልጽ ይናገራል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ የሰጠው ስምምነት ከሌለ አይቀነስም። ቢቀነስም በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ከወር ደሞዙ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። ግማሽ ደሞዝ የሚባል ነገር የለም።


ቶሎ ቶሎ፣ ማክሰኞ 7:31

ሕጉን የሚጠይቅ ሠራተኛ የታለ? ጠየቀ ማለት ወጣ ማለት ነው።


የአረርቲዋ፣ ማክሰኞ 8:02

ለዚህ እኮ ነው አለቃ የሚያስፈልገው! ልጁ ሊጠይቅ አይችልም፣ አንተ ግን ትችላለህ። "ተጽዕኖ" "ተጽዕኖ" ሲባል ወደ ታች ብቻ ይመስለናል፣ ልጆቹን እንዴት ላሽከርክር ብቻ። እኔ ልጆቼ መስማት የጀመሩኝ ጠዋት በተናገርኩት ንግግር አይደለም። መጋዘኑን ስጣላላቸው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የእኛ መጋዘን ዕቃ የሚጭነው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። ልጆቹ 4 ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ባልጪ ሲደርሱ የገበያው ሰው ተበትኗል። ሲመሽባቸው ደግሞ ሴቶቹ በጨለማ ይመለሳሉ። ስንት ጊዜ ሪፖርት ላይ ጻፍኩት፣ የሚያነበው የለም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁን "ጋሼ እስቲ አንድ ቀን አብረውን ይዋሉ" ብዬ ለመንኳቸው። ወጡ። ባዶ ገበያ አዩ። ልጆቹ ሽንት ቤት ፍለጋ ሲንከራተቱ አዩ (ይሄን እንኳ አላሰብኩበትም ነበር፣ ግን የበለጠ የሠራው እሱ ነው መሰለኝ)። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ዕቃ ማታውን ተጭኖ ያድራል፣ ልጆቹ 12:30 ላይ ይወጣሉ።

ለ8 ወር ያልሰሙኝ ልጆች በዚያ ሳምንት ሰሙኝ።


ኪሴን ጠይቁት፣ ማክሰኞ ማታ 1:45

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን አንድ ነገር እየዘለላችሁ ነው። ብር። ሻጭ ነኝ፣ አለቃ አይደለሁም። የቀን አበሌ ምሳና ሻይ አይሸፍንም። ኮሚሽን ወሩ ካለቀ ከ40 ቀን በኋላ ነው የሚከፈለኝ፣ ስሌቱን የሚያሳየኝ የለም። አለቃዬ ግድግዳ ላይ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብሎ ለጥፏል። አንበሳው ማን እንደሆነ አልገባኝም። እኔ የምፈልገው መሪ አይደለም፣ ወር በገባ በ5ኛው ቀን "ይሄን ሸጥክ፣ ይሄን ሰበሰብክ፣ ይሄ ይደርስሃል" ብሎ ወረቀት የሚሰጠኝ ሰው ነው።


የሮቢት ሙቀት፣ ማክሰኞ ማታ 2:10

ኪሴን ጠይቁት፣ እውነትህን ነው። ግን ያልከው ሰው እኮ መሪ ይባላል።

እኔ ጋ የተደረገውን ልጻፍ። ኮሚሽኑን ከተሸጠው ወደ ተሰበሰበው ቀየርነው። የመጀመሪያው ወር ጦርነት ነበር፣ ልጆቹ "ልትበሉን ነው" አሉ። ስለዚህ 2 ወር ሁለቱንም አሠራር ጎን ለጎን አሰላንና የበለጠውን ከፈልናቸው። በ3ኛው ወር ራሳቸው ወር መጨረሻ ላይ መጫን ተዉ። ቴሌብር ከመጣ ደግሞ፣ ከ2013 ወዲህ ማለቴ ነው፣ መሰብሰቡ ቀሏል፤ ባለሱቁ ማታ ከቤቱ ይልካል፣ ልጁ ብር በጃኬት ሰፍቶ አይዞርም። ኔትወርክ ሲኖር ነው ታዲያ።


ብርድ ለምጄ፣ ማክሰኞ ማታ 2:55

እሺ ኮታውስ? እኔ ጠቅላላውን ለ6 አካፍዬ እኩል ነው የሰጠኋቸው። ፍትሕ መስሎኝ።


የአረርቲዋ፣ ማክሰኞ ማታ 3:15

ኧረ በፈጠረህ! ሚንጃር ጤፍ ተወቅቶ ሲገባ፣ ታኅሣሥ ጥር ላይ፣ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ አለ፣ ልጆቼ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሸጣሉ። ነሐሴ ላይ ግን ያው ልጅ፣ ያው ሱቅ፣ ያው ዕቃ ሆኖ ግማሹን አይሸጥም። ሰነፈ ማለት ነው? መንዝ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ በልግ ካለ ገብሱ ክረምት መግቢያ ላይ ይደርሳል፣ በልግ ከቀረ ባለሱቁም አብሮ ይጾማል። የአንተ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ያለው ሻጭ ደግሞ ተማሪ አለው፣ ፋብሪካ ሠራተኛ አለው፣ ደሞዝተኛ አለው። ወር በገባ ቁጥር ገበያ ነው። ቴሌግራም ላይ ሁሌ አንደኛ የሚወጣው እሱ አይደል?


ብርድ ለምጄ፣ ማክሰኞ ማታ 3:18

እሱ ነው። ሁሌ።


የአረርቲዋ፣ ማክሰኞ ማታ 3:26

ጋሼም ሁሌ መጨረሻ። ስለዚህ በየማታው የምትለጥፈው የሰዎቹን ጉብዝና ሳይሆን የመልክዓ ምድሩን ደረጃ ነው። ሰው ከሰው አታወዳድር። እያንዳንዱን ከራሱ ጋር፣ ካለፈው ዓመት ያው ወር ጋር አወዳድረው። የጾም ወርን ከጾም ወር ጋር። ፋሲካ ቦታ ስለሚቀይር እሱን ተጠንቀቅ፣ እኔ አንድ ዓመት ተሸውጄበታለሁ። መንገድ የተዘጋበትን ቀን ደግሞ ቀንሰህ አስላ፣ በልጁ ላይ አትቁጠርበት። ደረጃውን ከግሩፑ አውርደው። ለያንዳንዱ በግል ላክለት፣ ያልተረዳው ካለ ደውለህ አስረዳው።

ጋሼን በተመለከተ ምክር የለኝም። እሱን አንተ ታውቀዋለህ።


ባለሱቅ ከመንዝ፣ ረቡዕ ጠዋት 1:50

እኔ አለኝ። በሰው ፊት የተናገርከውን በሰው ፊት መልሰው። ቤታቸው ሄደህ ብቻ "ይቅርታ" ብትል አይበቃም፣ ልጆቹ አልሰሙማ።


ብርድ ለምጄ፣ ከ19 ቀን በኋላ፣ እሁድ ማታ 2:30

ተመልሼ መጣሁ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኝ ነበር።

መጀመሪያ ጋሼ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ "ባለፈው የተናገርኩት ስህተት ነበር፣ ኮታውን ያከፋፈልኩት ሳላስብ ነው፣ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። አፌ ደርቆ ነበር። "ይሁን፣ እግዜር ይቅር ይበል" አሉ፣ ያ ብቻ። ልጆቹ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

ከዚያ "ነገ ከእርስዎ ጋር መስመር ልውጣ፣ ለቁጥጥር ሳይሆን ልማር" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። "ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው የምነሳው" አሉ፣ እንደማልመጣ እርግጠኛ ሆነው። 10:45 ላይ መኪናው ጋ ነበርኩ። ብርዱን አትጠይቁኝ፣ መስታወቱ ላይ የያዘውን አመዳይ በደብተር ሽፋን ነው የፋቅነው።

ወደ መንዝ ከታጠፍን በኋላ በየሱቁ ዝም ብዬ ቆምኩ። ማስቲካ ይዤ ነበር 😄 ጋሼ የተበላሸ ዕቃ በራሳቸው ማዳበሪያ ሰብስበው ይመልሳሉ። መጋዘኑ አልቀበልም ሲላቸው ከኪሳቸው የሚከፍሉበት ጊዜ አለ። 15 ዓመት! ይሄን ማንም አያውቅም። ደብተራቸው ላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሱቅ ስም ጎን ትንሽ ምልክት አለ። "ምንድን ነው?" አልኳቸው። አንዱ "ሲጨንቀው የሚደውል"፣ አንዱ "ሲጨንቀው የሚደበቅ" ነው አሉኝ። ዱቤ የሚሰጡት በእሱ ነው። መስመራቸው በሽያጭ መጨረሻ ነው፣ ያልተሰበሰበ ዱቤ ላይ ግን ከ6ቱ ትንሹ የእሳቸው ነው። እኔ ያንን ቁጥር አይቼው አላውቅም ነበር። ፋይናንስ ቢሮ ነው የተቀመጠው፣ ጠይቄም አላውቅ።

አሁን አዲስ ልጅ ሲቀጠር የመጀመሪያውን 2 ሳምንት ከእሳቸው ጋር እንዲሆን አድርጌያለሁ። ለዚህ በወር የተወሰነ ብር እንዲጨመርላቸው ጠይቄያለሁ። እስካሁን መልስ የለም።

የመመለሻ ዕቃውን ጉዳይ ሥራ አስኪያጁ ጋ ይዤ ገባሁ። ባለሱቅ ከመንዝ የጻፍከውን አትሜ ነው የወሰድኩት፣ ስምህ የለበትም። አንድ ጊዜ አንብቦ አስቀመጠው፣ ከዚያ መልሶ አነሳው። በወር አንዴ መጋዘኑ እንዲቀበል ተፈቅዷል። ግማሽ ደሞዝ መቁረጡ ቆሟል፤ የአዋጁን ቁጥር ስጠራ ክርክሩ አጠረ። ኮሚሽኑን ግን "ለበጀት ዓመቱ እናየዋለን" ተብያለሁ። ማለትም አልተሳካልኝም።

መልቀቂያ ያስገባችው ልጅ ሄዳለች። ደውዬ ስለ ሁለቱ ሱቆች ይቅርታ ጠየቅኳት። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ያኔ ልመልስለት ነበር፣ ቃሉን እየፈለግኩ ነበር" አለችኝ። ጋሼ ማለቷ ራሱ አናደደኝ፣ በ3 ዓመት ነው የምበልጣት።

ያለፈውን ወር ኮታ አልሞላንም። ራሴ ግን መኪና ይዤ አልወጣሁም። 27 ላይ እጄን ሲበላኝ ነበር።


ኪሴን ጠይቁት፣ እሁድ ማታ 2:48

የኮሚሽን ወረቀቱስ?


ብርድ ለምጄ፣ እሁድ ማታ 2:53

ሰጥቻለሁ፣ በ6ኛው ቀን። ኤክሴል ላይ ሠርቼ አትሜ ለየአንዳንዳቸው። ከ6ቱ 2ቱ ስህተት አግኝተውብኝ አስተካክያለሁ፤ አንዱ በእኔ ጉድለት 1,400 ብር ሊቀርበት ነበር።


ቶሎ ቶሎ፣ እሁድ ማታ 3:05

ለማንኛውም 2 ወር ስጠው ከዚያ እናያለን። (ጋሼ ደብተራቸውን ያሳዩኝ ይሆን? ምልክቱን ነው የምፈልገው።)


ብርድ ለምጄ፣ እሁድ ማታ 3:09

እጠይቅልሃለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው ታዲያ።